የሞተሯ ግራ እግር

ዘነበወርቅ የሱቋን መስኮት ከመክፈቷ በፊት ጓዳ ገብታ ከበርሜሉ ላምባ መቅዳት ልማዷ ነበር። በዚያ የየካቲት ጠዋትም ተንበርክካ ላምባውን ወደ ጣሳ እየቀዳች ሳለ ነው፣ ጋዜጣ ከተለጠፈበት ስስ የጭቃ ግድግዳ ማዶ ባሏ ነገሬና ታናሽ ወንድሙ ገመቹ ሲነጋገሩ የሰማችው።

«ነገ ማለዳ ጋሪ ይዤ እመጣለሁ» ይላል ገመቹ። «ምናለሽ ተራ አንድ ብረት ገዢ አናግሬያለሁ፤ ሞተሯን እንዳለች በኪሎ ይወስዳታል። ቦታው ከተለቀቀ አናጢው ክፍሏን ቶሎ ያቆማታል። እማዬም ከክረምት በፊት ትገባለች።»

«ውሰዳት» አለ ነገሬ።

«ዘነቡ ምን ትል ይሆን?»

«እሷ ምን ትላለች? ማየትም አትወድ። እፎይ ነው የምትለው።»

ላምባው ከጣሳው ሞልቶ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ከእጇም ወደ ቀሚሷ ወረደ። ዘነበወርቅ ግን ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ክፍሉ እንደሚሠራ ታውቃለች። የነገሬ እናት ከጅማ መጥተው አብረዋቸው ይኑሩ ብላ የወተወተችውም እሷው ናት። ያላወቀችው ነገር፣ ስለ እሷ ሆኖ መልስ የሚሰጥላት ሰው መኖሩን ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለዚያች ሞተር አንዲት ቃል ተንፍሶላት የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ በእሷ ስም «እፎይ» አለላት።

ገመቹ እንደሄደ ባልና ሚስት ለቁርስ ተቀመጡ። ቤታቸው ጠበብ ያለች ናት፤ አበባ ያለው ፕላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ዘነበወርቅ በእጇ የጠለፈችው ጨርቅ የተጣለበት ፊሊፕስ ራዲዮ፣ ከራዲዮው በላይ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ። ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ አንድ ሚስማር ብቻውን ቀርቷል፤ ድሮ እዚያ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ነገሬ በጃንሜዳ እሽቅድምድም ሁለተኛ ወጥቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የተነሳው ፎቶ ነው። ማን እንዳወረደው አልተነጋገሩበትም። ነገሬ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ። ዘነበወርቅ አፉን እየጠበቀች ቁጭ አለች። አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ቀና ይላል፣ አሁን...

«ስኳር አልቋል እንዴ?» አለ ነገሬ።

«ከሱቅ ላምጣልህ?»

«ተዪው፣ ረፍዶብኛል።»

የሚሠራበትን ፋብሪካ ካኪ ካፖርት ደርቦ ወጣ። በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሸራ በተጣለባት ሞተር አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነበር፤ ከተጣላው ሰው ደጃፍ እንደሚያልፍ ሰው።

በር መዘጋቱን እንደሰማች ሄዳ ሸራውን ገለበችው። ጣሊያን ሠራሽ ቀይ የእሽቅድምድም ሞተር ነበረች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ መቀመጫው ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላ ታውቃለች። ጎማዋን የሚይዙት ሁለቱ የፊት እግሮቿ ወደ ኋላ ታጥፈው ጎማዋ ከሆዷ ተጣብቋል፤ ስለዚህ ከዚያች ቀን ወዲህ ተንከባልላ አታውቅም፣ ተጎትታ ገብታ ተጎትታ ነው ጥግ የያዘችው። ዘነበወርቅ መሪውን ይዛ ገፋ ብታደርጋት ንቅንቅ አልል አለቻት። ያኔ ነው በሐሳቧ የመጣላት፦ ነገ በጋሪ የምትሄደው ስለማትንቀሳቀስ ነው። ብትንቀሳቀስስ?

ሱቋን ሳትከፍት ቀጥታ አጠና ከሚሸጥበት ጎን ወዳለው ወደ ጋሽ ቡልቻ ጋራዥ ሄደች። ጋሽ ቡልቻ ሙያውን በጣሊያን ጊዜ ከጋራዥ ጋራዥ እየተላላከ የለመደ፣ ከየእሽቅድምድሙ በፊት የነገሬን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሽማግሌ ነው። የሰይቼንቶ ታክሲ ሥር ተኝቶ አገኘችው።

«ጋሽ ቡልቻ፣ የኛን ሞተር ዛሬ ሊሠሩልኝ ይችላሉ?»

ከመኪናው ሥር እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው፤ እግሩ ቀጥ አለ። «ነገሬ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። እኔው ነኝ።»

እየተንፏቀቀ ወጣና ከታች ወደ ላይ አያት። «ልጄ፣ የውስጥ ሞተሩ እኮ ዝጎ ተጣብቋል። ሳምንትም አይበቃው።»

«ድምፅ እንድታወጣ አልፈለግሁም። ጎማዋ ይዙር፣ በቃኝ። ነገ ጠዋት ለብረት ገዢ በጋሪ ሊጭኗት ነው። የምትንከባለል ሞተር ግን ቁርጥራጭ ብረት ነች ብሎ ማን ይጭናታል?»

ጋሽ ቡልቻ እጁን በጨርቅ ጠረገና የመፍቻውን ሳጥን አነሳ።

ግቢ ሲደርሱ የሞተሯን ሆድ በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ደግፎ አነሳት። ጎማውን አወለቀ፤ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ አነሳ፤ መሪው ሥር ያሉትን ቡሎኖች ላምባ እየቀባ፣ እየጠበቀ፣ መልሶ እየቀባ ፈታቸው። ሁለቱ የሹካው እግሮች አንድ ባንድ ሲወጡ ከውስጣቸው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዘይት ተንጠባጠበ። ከየእግሩ ውስጥ ረጅም ሞላ ሳበና በላምባ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው። «ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ግን እንደ ብስኩት ደርቋል፤ እሱ ከኔ ዘንድ አይጠፋም።» ከዚያ የእግሮቹን ሁለት የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች ወስዶ በሱቋ ባንኮኒ መስተዋት ላይ አንከባለላቸው። የቀኙ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ሄደ። የግራው ግን እንደ ሰካራም እየተነሳ እየወደቀ ነጎደ።

«ቀኙን በሞርሳ ቆንጥጬ አቃናዋለሁ» አለ ጋሽ ቡልቻ። ግራውን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ከታጠፈበት ላይ ቆዳው የተጨማደደ ያህል መሥመር ይታያል። «ይሄ ግን ቢቃናም እዚች ላይ ይሰነጠቃል። ሰው ተቀምጦባት ሳለ ቢሰነጠቅ...» አልጨረሰውም። «ሌላ እግር ይፈለግላት። ያኔ፣ ከአደጋው በኋላ፣ ፒያሳ ድረስ ሄጄ ነበር። ከመደብሩ ‹እንዲህ ያለው መምጣት ቀርቷል፣ አሁን የሚመጣው የጃፓን ነው› አሉኝ። ምናለሽ ተራ ልፈልግ ስል ነገሬ ‹ተዋት› አለኝ። ተውኳት።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ቡልቻ እግሩ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት ከሞተሯ ላይ አውልቆ እጇ ላይ አኖረላት። «በዚህ ቀለበት ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚያልፍ፣ ቁመቱ ከዚህ ጋር እኩል የሆነ። የሚላላ ከሆነ በነፃም ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ጣትሽን ላዩ ላይ አሂጂው፤ ዝገቱ ጥፍርሽን የሚይዝ ከሆነ ጎሚኒውን ይበላዋል።»

የተቆለመመውን ቱቦ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አውቶቡስ ስትሳፈር ቲኬት ቆራጩ «እትዬ፣ ጠመንጃ ነው እንዴ የያዙት?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባት። አሥራ አምስት ሳንቲሟን ሰጥታ መስኮት ዳር ተቀመጠችና ቱቦውን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ያኔ ሰፈራቸው ኮልፌ ገና ከቤቷ ባሕር ዛፏ ይበልጥ ነበር። መንገዱ ዳር አጠና ተቆልሏል፤ አህዮች ቅጠል ተጭነው ይወርዳሉ። አውቶቡሱ ሲነቀነቅ ብረቱ ጭኗ ላይ ተንከባለለ፤ በእጇ ያዘችው፤ ከብረቱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት።

ነገሬን መጀመሪያ ያየችው በዝናብ ነበር። ከአክስቷ ጋር ፌርማታ ላይ ተጠልለው ሳለ በሞተሩ ውኃ እየረጨባቸው አለፈ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ተመለሰ፤ አክስቷ የስድብ መዓት አወረዱበት። እሱ ግን እያየ የነበረው ዘነበወርቅን ነው። በሳምንቱ በዚያችው ፌርማታ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ዝናብም ሳይኖር ቆሞ ጠበቃት። ከተጋቡ በኋላ እሁድ እሁድ ወደ አስኮ ይወስዳት ነበር። በጎን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ነፋስ እንዳያበርባት አንገቷ ላይ ቋጥራ፣ አንድ እጇን ወገቡ ላይ ጣል አድርጋ። ጉድጓድ ሲመጣ «ያዢ!» ይላታል፤ እሷ ደግሞ ጉድጓድ ሳይኖርም ትይዘዋለች። ነፋሱ ቃሉን እየነጠቀባቸው እየጮኹ ነበር የሚያወሩት፤ ግማሹ አይሰማም፤ ያልተሰማውን ሣር ላይ ቁጭ ብለው እንደገና ይነጋገሩታል። ዘነበወርቅ ከዚያ ወዲያ ያን ያህል ተነጋግራ አታውቅም።

ያቺ ቀን ደግሞ የሐምሌ እሁድ ነበረች። ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከአስኮ ሲመለሱ ዶፍ ወረደባቸው፤ ወንዙ አጠገብ ጎርፍ መንገዱን በልቶት ውኃ ሞልቶበታል፤ የፊት ጎማው ገባ። እሷ እምብዛም አልቆሰለችም። ሕፃኑ ግን አልተረፈም፣ ሌላም አልመጣም። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ሞተሯ ላይ ሸራው ተጥሎ አገኘችው። ጎረቤቶች መጥተው «እግዜር ያጥናሽ» አሉና ሄዱ፤ ነገሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ «ትንሽ ሾርባ ላምጣልሽ?» አላት። በዚያ ቤት ስለዚያ ነገር የተነገረው ይኸው ነው።

ምናለሽ ተራ ከመኪና እስከ ምስማር የማይገኝ ብረት የለም። ዘነበወርቅ ከመደብ መደብ እየዞረች ቀለበቷን አወጣች። አንዱ ቱቦ ወፍራም ሆኖ ቀለበቱ ውስጥ አልገባ አለ፤ አንዱ ገብቶ ላላ፤ አንዱ ልክ ሆኖ በስንዝር አጠረ። ሻጮቹ «ባልሽ የት ሄዶ ነው አንቺን ብረት የሚያስለቅምሽ?» ይሏታል። «ሥራ ላይ ነው» ብላ ታልፋለች። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ወደ መጨረሻው መደብ፣ ረሻድ ወደሚባል ጎልማሳ ዘንድ ደረሰች። ረሻድ ከጣሊያን ሞተር የቀረለት አንድ የነዳጅ ጋን ብቻ መሆኑን ነግሯት ወደ ምሳው ተመለሰ። ተስፋ ቆርጣ ከጥላው ልትወጣ ስትል ቀና አለች። መደቡን ከፀሐይ የሚከልለው ሸራ ከሁለት ቋሚዎች ላይ ተዘርግቷል፤ አንደኛው ቋሚ አጠና ነው፣ አንደኛው ግን ከአጠናው ጫፍ ላይ ታስሮ የተቀጠለ ብረት። ሸራው ከሚሸፍነው በታች ያለው ክፍሉ በላብና በእጅ ብዛት አብርቷል።

«አቶ ረሻድ፣ ያ ብረት ምንድን ነው?»

«የቱ? እሱማ ቤቴ ነው!» ብሎ ሳቀ። «እመቤት፣ እሱን ካወረድኩት ፀሐይ ሊበላኝ ነው።»

ዘነበወርቅ ከረጢቷን ፈትታ የተጎበጠውን ቱቦ ከቋሚው አጠገብ አቆመችው። ረሻድ እጁን ታጥቦ ተነሳ። እያጉረመረመ ገመዱን ፈታ፤ ሸራው በሁለቱም ራስ ላይ ወደቀ፤ ከሸራው ሥር ሆነው፣ እሷ ቀለበቱን ይዛ እሱ ቱቦውን እየገፋ፣ ጥብቅ ብሎ አለፈ። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አሄደችው። ጥፍሯን የያዘው ነገር የለም።

«ልክ ነው?» አለ ረሻድ ከሸራው ሥር።

«ልክ ነው» አለች። ድምፅዋ ስለተሰበረ ሰውየው ሸራውን ገለብ አድርጎ አያት።

«ባልሽ ታሟል እንዴ?»

«አይ። አልታመመም። ዝም ስላለብኝ ነው።»

ዋጋውን ጠራ፤ ዘነበወርቅ ለመከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። ረሻድ ግን ራሱ ቀነሰላት። ከጎረቤት አጠና ተበድሮ ሸራውን መልሶ ሲያቆም ትታው ሄደች።

ጋሽ ቡልቻ ቀኙን እግር አቃንቶ፣ በመስተዋቱ ላይ አሥር ጊዜ አንከባልሎ ጠበቃት። የመጣውንም አንከባለለው፤ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ ሄደ። አዲስ ጎሚኒ ዘይት ቀብቶ በሁለቱም ውስጥ አስገባ፤ ሞላዎቹን መለሰ፤ በሁለቱ እግሮች እኩል ዘይት ጨመረ፤ ቡሎኖቹን አጠበቀ። ጎማውን ነፋው፤ የፍሬኑን ገመድ ዘይት አጠጣው። ሲጨርስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ተጫናት። ሞተሯ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ በቀስታ ቀና አለች።

«ተነፈሰች» አለ ጋሽ ቡልቻ። ዕቃውን ሰብስቦ፣ ዘነበወርቅ ለሥራው ምን እንደምትሰጠው ስትጠይቀው በእጁ «ሂጂ እባክሽ» ብሏት ወጣ።

ነገሬ ፀሐይ ወደ መናገሻ ስታዘቀዝቅ ገባ። ዘነበወርቅ ሞተሯን ከክፈፉ ሥር አውጥታ መሐል ግቢው ላይ አቁማት ነበር። በሩን እንደያዘ ቀረ።

«ማነው ያወጣት?»

«እኔ።»

«ገመቹ ነገ...»

«ሰምቻለሁ። ጠዋት ጓዳ ነበርኩ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ክፍሉ ይሠራ። እማማም ይምጡ። ሞተሯ ሱቄ ውስጥ ትገባለች፣ ባንኮኒውን ወዲያ ገፋ አደርገዋለሁ። ግን ‹እፎይ ትላለች› ያልከው ከምን ተነስተህ ነው? አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ነገሬ ወደ ሞተሯ ጠጋ አለ፤ ግን አልነካትም። «ባጠገቧ ባለፍሽ ቁጥር ሆድሽን ትይዢ ነበር» አለ። «ልብስ ልታሰጪ ስትወጪ። ውኃ ልትደፊ ስትወጪ። ሁልጊዜ አይሻለሁ። ነጠላሽን እንዲህ ታደርጊና ሆድሽን ትይዢያለሽ። እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?»

ዘነበወርቅ ይህን አታውቅም ነበር። እጇ እንደዚያ ማድረጉን ራሷም ልብ ብላው አታውቅም። «ልጃችን እዚያ ነዋ ያለው» አለች። «ሌላ የት አለ? መቃብር የለው፣ ፎቶ የለው። ከኛ ጋር የነበረው እሷ ላይ ነው። ለዚያ ነው የምይዘው። ጠልቻት አይደለም።»

ነገሬ ቁጭ አለ። መሬት ላይ፣ ጎማው አጠገብ። እጁን ወደ አዲሱ እግር ዘረጋና በሁለት ጣቱ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰው። «ይሄ የኛ አይደለም» አለ።

«የረሻድ ቤት ቋሚ ነበር» አለችና ሸራው እንዴት ራሳቸው ላይ እንደወደቀ ነገረችው። ነገሬ ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበት፤ እሷም እስኪያበቃለት ድረስ ዕቃ የምታነሳ መስላ ጠበቀችው። ከዚያ መሪውን ያዘችና «ና፣ አውጣኝ» አለችው።

«አትነሳም እኮ።»

«ቁልቁለቱ ያወርዳታል።»

የኮልፌ ሰው ያን አመሻሽ ያየውን ለረጅም ጊዜ አውርቶታል። ነገሬ የፋብሪካ ካፖርቱን እንደለበሰ ከፊት፣ ዘነበወርቅ በጎን ተቀምጣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ቋጥራ ከኋላ፣ ቀይዋ ሞተር አንዳች ድምፅ ሳታሰማ ወደ ወንዙ ቁልቁል ስትወርድ። አጠና ሻጮቹ ብድግ አሉ። አንድ አህያ ነጂ መንገድ ለቀቀ። የሚሰማው የጎማዋ ሹክሹክታና የፍሬኑ ሲጥታ ብቻ ነበር። ጉድጓድ ሲመጣ የፊቱ እግር ዝቅ ብሎ ቀና ይላል፣ ዝቅ ብሎ ቀና ይላል፤ ነገሬ ትከሻው እየላላ ሲሄድ በእጇ ይታወቃት ነበር። ወንዙ አጠገብ፣ ጎርፉ በልቶት የነበረው መንገድ ዛሬ ድንጋይ ተሞልቶ ተስተካክሏል። እዚያ ላይ ፍጥነቷ ቀነሰና በራሷ ቆመች።

ጥቂት ቆዩ። ማንም አልወረደም።

መልሱ ዳገት ነው። እሱ መሪውን ይዞ፣ እሷ ከኋላ መቀመጫውን ይዛ ይገፉ ጀመር። እንደ ድሮው ነፋሱ ቃላቸውን የሚነጥቅባቸው አልነበረም፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸውም ቆም ይሉ ነበር። መጀመሪያ ስለ ጎሚኒው፣ ቀጥሎ ስለ እናቱ ክፍል፣ ቀጥሎ ስለዚያ ዝናብ ተነጋገሩ።

«እኔ ወንድ ነው እል ነበር» አለች ዘነበወርቅ።

«ሴት ነበረች» አለ ነገሬ ሳይዞር። «ማለቴ፣ እኔ ሴት ናት ብዬ ነበር። ስምም አውጥቼላት።»

መግፋቷን አቆመች። ሞተሯ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ስትል ፍሬኑን ያዘ።

«ማን ልትላት?»

«ዱሬቲ።»

ዘነበወርቅ ስሙን በአፏ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አለችው። በላያቸው የኮልፌ ቤቶች ኩራዛቸውን እያበሩ ነበር። እንደገና መግፋት ጀመሩ፤ ዳገቱ ግማሽ እንደደረሱ ከኋላ ሆና ጠየቀችው።

«ማንን ትመስል ነበር ብለህ ታስብ ነበር?»

ነገሬ መልሱን ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደም። «ግንባሯ የናቴን» አለ። «አነጋገሯ ያንቺን። ጥርሷ ሰፋ ያለ ነበር።»